የረቡዕ ጥያቄዎች

ነሐሴ 3 ቀን 2001፣ እሁድ

ይህን ደብተር የጀመርኩት ለማልቀስ አይደለም፤ ላሸንፍ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ በደንብ ይጻፍ፤ ኋላ መነጫነጭ ስጀምር ተመልሼ እንዳነበው።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ከሎሪ መናኸሪያው ጀርባ ያለችው ባለ ሁለት መስኮት ቢሮ የከብት ጤና መዝገብ ናት። የተከተበ ከብት ሁሉ እኔ በሠራሁት ዳታቤዝ ውስጥ ይገባል። ባለቤቱ ሲመጣ መስኮት ላይ ያለችው ጸሐፊ ስሙን ፈልጋ ኪባሊ ታትምለታለች። ኪባሊ የጉዞ ፈቃድ ነው፤ ያለ እሱ ማንም ሹፌር ከብት ጭኖ ወደ ደቡብ አይነዳም። ዘንድሮ ዝናቡ ቀርቶ ሣር የሚባል ነገር የለም፤ ሰዉ ሁሉ ከብቱ ሳይሞትበት መሸጥ ይፈልጋል። ገበያው ረቡዕ ነው። ማሽኑ የሚያቃስተውም ረቡዕ ነው። ሰልፉ እስከ መናኸሪያው ይደርሳል፣ ሹፌሮቹ ይሰለቻቸውና ቦሎቄ ጭነው ይሄዳሉ፣ ከብቱ በረሃብ እንደመጣ በረሃብ ወደ ጎልቦ ቆላ ይመለሳል። ያለፈው ረቡዕ አንዲት ቀይ ላም አጥራችን ሥር ወድቃ ቀረች። ባለቤቷ አልጮኸም፤ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ጭንቅላቷን ያዘ። እኔ በመስኮት አየሁት፤ ከዚያ ወደ ማሽኑ ክፍል ገብቼ ሥራ የያዝኩ ለመምሰል ገመድ ነካካሁ።

ዓርብ ዕለት የናይሮቢዋ የቴክኒክ ኃላፊ ማዳም ሮዝ ጻፈችልን። እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ካልተስተካከለ ማሽኑ ተነቅሎ ደቡብ ርቆ ኢሲኦሎ ከተማ ይተከላል። ኢሲኦሎ! ከብቱ ኢሲኦሎ ለመድረስ ኪባሊ ይፈልጋል፣ ኪባሊው ደግሞ ኢሲኦሎ ሊሆን ነው። ለአለቃዬ ለጋሽ ሀልካኖ ሳነብላቸው መነጽራቸውን አወለቁና "ሺዳ ነው እንግዲህ፣ አመሌ" አሉኝ፤ ችግር ነው ማለታቸው ነው፣ አመሌ የሚሉትም ስሜን ሲያቆላምጡ ነው። "የሰዉ ነገር አለቀለት በይኛ።"

ማሽኑ ከሄደ እኔም ሄድኩ፤ ወይ ከሥራ፣ ወይ ከከተማ። እናቴ ይህን ሰምታለች። ዛሬ ድንበሩን ተሻግራ አስቀድሳ ስትመለስ የማንጠቀምባቸውን ብርጭቆዎች በጋዜጣ መጠቅለል ጀመረች። አንዴ ከአገር ወደ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ፣ አንዴ ከዋልዳ ወደዚህ ጠቅልላለች።

"ምን እየሠራሽ ነው?" አልኳት።

"እጄ ሥራ ፈትቶብኝ ነው" አለች።

ነሐሴ 4፣ ሰኞ

ጋሽ ሀልካኖ "ትልቅ ማሽን ይገዛልን" ብለው ጻፉ። መልሱ ከምሳ በፊት መጣ። አይገዛም።

ያለን ሜሞሪ 512 ሜጋባይት ነው። የከብቱ መዝገብ ብቻውን ሦስት መቶ ያህሉን ይፈልጋል። መዝገቡ ሜሞሪ ውስጥ እስካለ ድረስ መልሱ ዓይን ሳይጨፈን ይመጣል። ከዚያ ከተገፋ ግን ፍለጋው ዲስክ ላይ ነው፤ የእኛ ዲስክ ደግሞ ጥርሱ ያለቀ ወፍጮ ነው። መዝገቡን ከሜሞሪ የሚገፋው ምንድን ነው? ሮዝ "ሰው በዝቶ ነው" ትላለች። ጋሽ ሀልካኖ "መብራቱ ነው" ይላሉ፤ መብራታችን ከወዲያኛው፣ ከኢትዮጵያው ሞያሌ ስለሚመጣ ለሁሉም ነገር ጥፋተኛው እሱ ነው። ጸሐፊዎቹ "ማሽኑ አርጅቷል" ይላሉ። እኔ መገመት ሰለቸኝ።

ዳታቤዙ ራሱ ይናገር። የተጠየቀውን ጥያቄ ሁሉ ይመዝግብ። ማን ጠየቀ፣ በስንት ሰዓት፣ መልሱ ምን ያህል ቆየ፣ ስንት መስመር ተገላበጠ፣ ስንቱ ከዲስክ ተነሣ። ሙሉ ስታቲስቲክስ!

ችግሩ ስታቲስቲክሱም የሚቀመጠው እዚያው ጠባብ ሜሞሪ ውስጥ መሆኑ ነው። ሐኪሙ በሽተኛው አልጋ ላይ አብሮት ሊተኛ ነው።

ነሐሴ 6፣ ረቡዕ

ማሽኑ ዘጋብን። ሰልፍ። ስድብ በሦስት ቋንቋ።

ሹፌሮቹ ሁሉ ሲሄዱ ጎበዜ ሎሪውን አቁሞ ጠበቀ። ጎበዜ የቀዩ ኢሱዙ ሹፌር ነው፣ የወዲያኛው ሞያሌ ልጅ። "እኔ ምን አስቸኮለኝ" አለ። ረዳቱ ግን "የሰው ጭነት ልታስበላሽ ነው" እያለ ሲነጫነጭበት ሰምቻለሁ። ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ነሐሴ 10፣ እሁድ

ሒሳቡን ሠራሁ። የአንድ ጥያቄ ሙሉ ጽሑፍ ከነዝርዝሩ ሁለት ኪሎባይት ያህል ይይዛል። አንድ ኪባሊ እስኪታተም ፕሮግራሙ ከጀርባ ብዙ ጥያቄ ይጠይቃል፤ በየጥያቄው የባለቤቱ ስም ስላለበት ደግሞ ዳታቤዙ እያንዳንዱን እንደ አዲስ ያየዋል። ይህን በገበያ ቀን ሰልፍ አባዛሁት። አርባ ሜጋባይት ወጣ።

አርባ! ከአምስት መቶ አሥራ ሁለት ላይ አርባ ምን አላት? ዝርዝር ከያዙ አይቀር ሙሉውን ነው። የጸሐፊዋን ስም፣ ሰዓቱን፣ ሁሉንም። ረቡዕ ማታ ጥፋተኛውን በስሙ ጠርቼ ለሮዝ እልክላታለሁ። መልእክቱን ሁሉ ከአሁኑ በልቤ ጽፌዋለሁ፤ "ክብርት ሆይ" ብሎ ይጀምራል።

እናቴ የፍልሰታን ጾም እየጾመች ስለሆነ ደስታዬን የምጋብዝበት ነገር አጣሁ። ሁለት ብርቱካን በላሁ።

ነሐሴ 13፣ ረቡዕ

ጉድ ሆንኩ።

ነሐሴ 14፣ ሐሙስ

የትናንቱን ልጻፈው እንጂ። ማሽኑ ሲዘገይ ጸሐፊዎቹ ቁልፉን ደጋግመው ይጫኑታል፤ ይህን ሒሳቤ ውስጥ አላስገባሁም። እያንዳንዷ ጭነት አዲስ ጥያቄ ሆና ተመዘገበች። አርባ ያልኩት ሰማንያ አለፈ፣ መዝገቡ ሙሉ በሙሉ ወደ ዲስክ ተገፋ፣ ከረፋዱ ጀምሮ ማሽኑ ጭራሽ ዝም አለ። በሌላው ረቡዕ ያቃስት የነበረውን እኔ በእጄ አንቄ ገደልኩት። ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። ከሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ለጎረቤቷ "ያቺ የዋልዳ ልጅ ናት የገደለችው" ስትል ሰማሁ። እኔ ከዋልዳ ከወጣሁ ስንት ዘመኔ! ያም ሆኖ እውነቷን ነው፤ የገደልኩት እኔ ነኝ።

የሮዝ መልእክት ዛሬ ጠዋት ገባ። "ያንን ነገር አሁኑኑ አውጪ። ከብቱን መያዝ ያቃተው ማሽን የራሱን ታሪክ እንዲይዝ አይጠየቅም።"

ቆሽቴን ያሳረረው ልክ መሆኗ ነው።

ነሐሴ 17፣ እሁድ

ትናንት ረመዳን ገባ፤ መናኸሪያው ቀን ቀን ጭር ብሏል። ጎበዜ ከናይሮቢ ተመልሶ ቤታችን ድረስ መጣ። "የእናትሽን ጤና ልጠይቅ ብዬ ነው" አለ። ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። የሜሞሪ ቺፕ! ሻጩ "ለማንኛውም ማሽን ይሆናል" ብሎታል። ያንን ሁሉ የድንጋይ መንገድ፣ እንዳይነቀንቀው ብሎ ከሸሚዙ ኪስ ሳያወጣ ነው ይዞት የመጣው።

አብረን ወደ ቢሮ ሄደን ሞከርነው። ጥርሱ ከማሽናችን ጋር አይገጥምም። ሊስቅብኝ ይሆን ብዬ ቀና ስል ፊቱ ከእኔ የባሰ ወድቋል። ያኔ እኔው በሳቅ ፈነዳሁ። "በቃ፣ የሎሪዬ ጌጥ ይሆናል" ብሎ ወሰደው።

ካሳቀኝ ወዲህ ደግሞ ልቤ ተነሣ። ስታቲስቲክሱን አውጥቻለሁ፣ ሐሳቡን ግን አልተውኩም። ሜሞሪውን ማሳደግ ካልቻልኩ ስታቲስቲክሱን ማሳነስ ነው።

ነሐሴ 20፣ ረቡዕ

ያለ ስታቲስቲክስ እንደ ድሮው አቃሰተ። ምንም አልነካሁም፣ ቆሜ አየሁ። ከባድ ነው፣ ቆሞ ማየት።

ነሐሴ 24፣ እሁድ

ወረቀት ዘርግቼ ቁጭ አልኩ። እስከ አሁን "ምን ምን ልመዝግብ?" ነበር የምለው። ዛሬ ገልብጬ ጠየቅሁ። ማታ ወረቀቱን ሳየው የምፈልገው መልስ ምንድን ነው? አንድ ብቻ። ማሽኑን የሚያደክመው የትኛው ጥያቄ ነው?

የባለቤቱ ስም ለዚህ ምን ያደርግልኛል? ምንም። ዱባ የሚባል ሰው ጠየቀ፣ ቡሌ የሚባል ጠየቀ፣ ጥያቄው ያው ነው። ስሙን ከውስጡ ባወጣውና ቅርጹን ብቻ ብይዝስ? ቆጠርኳቸው። ፕሮግራሜ ውስጥ ያሉት የጥያቄ ቅርጾች በጠቅላላ አርባ አይሞሉም! ሃያ ሺህ መስመር የመሰለኝ ነገር አርባ መስመር ሆነ። እዚህ ላይ ተነሥቼ ክፍሉን ዞርኩት።

ከዚያ ዝርዝሩን እየሰረዝኩ ሄድኩ። ሙሉው ጽሑፍ፦ አያስፈልግም፣ ለየቅርጹ ቁጥር እሰጠዋለሁ። ሰዓቱ፦ ረቡዕ መሆኑ ይበቃል። የቀሩት፦ ስንት ጊዜ ተጠየቀ፣ በጠቅላላ ምን ያህል ቆየ፣ ረጅሙ ስንት ነበር፣ ስንት መስመር አገላበጠ። አንድ ሜጋባይት እንኳን አይሞላም። ሮዝ ልታየው እንኳን አትችልም።

የጸሐፊዋ ስም ግን ከበደኝ። እሱ ቢኖር ጥፋተኛዋን በቀጥታ እይዛለሁ። እያንዳንዱን ቅርጽ በየጸሐፊዋ መክፈል መስመሩን ያበዛዋል፣ ቢሆንም ብዙ አይደለም። አልሰረዝኩትም፤ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አደረግሁ።

ነሐሴ 26፣ ማክሰኞ

በኮሪደሩ ሳልፍ ማማ ቆቲሌ ለሌላዋ ጸሐፊ "ይቺ ልጅ ልትቆጥረን ነው" ሲሉ ሰማኋቸው። ማማ ቆቲሌ የመጀመሪያው መስኮት ጸሐፊ ናቸው፤ ቦረና በሙሉ የሚያውቃቸው፣ ከእኔ እናት የሚበልጡ ሴት። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ፍርሃት ነበር።

የጸሐፊዋን ስም ሰረዝኩት። ለሜሞሪው ብዬ ነው፤ ለማንም ብዬ አይደለም።

ነሐሴ 29፣ ዓርብ

ጋሽ ሀልካኖን አስፈቀድኩ። "ሮዝ አውጪው ብላለች እኮ" አሉኝ። ያኛውን አውጥቻለሁ፣ ይህ ሌላ ነው አልኳቸው። የሒሳቡን ወረቀት አሳየኋቸው፤ ገልብጠው ያዙት፣ አቀናሁላቸው።

"እንደገና ብትገድይውስ?"

"እኔው ራሴ ሄጄ ኢሲኦሎ እተክለዋለሁ።"

"ፖሌ ፖሌ፣ ልጄ። ቀስ ብለሽ። በይ፣ አድርጊው።"

ጳጉሜን 4፣ ረቡዕ

ያዘ! ቀኑን ሙሉ ያዘ! ማሽኑ እንደ ወትሮው አቃሰተ፣ ግን በእኔ ምክንያት አይደለም። ስታቲስቲክሱ አንድ ሜጋባይት አልሞላም። እግሬ መሬት አልነካም። ጎበዜ ስምንት በሬ ጭኖ ሄደ፤ መስተዋቱ ላይ የእኔ ቺፕ ተንጠልጥሏል።

ውጤቱን ለማየት ፈራሁ። ነገ።

መስከረም 1 ቀን 2002፣ ዓርብ

አዲስ ዓመት። እናቴ ዘመዶቿን ልትጠይቅ ተሻግራለች፤ እኔ ቢሮ ነኝ። የዓመቱ ስጦታዬ ይህ ነው። ከአርባ የማይሞሉት ቅርጾች አንዱ፣ ቁጥር አሥራ አንድ፣ የረቡዕን ሦስት አራተኛ ብቻውን በልቶታል!

አሥራ አንድ ምንድን ነው? የባለቤት ፍለጋ ነው፣ ግን የከብቱ ብዛት ባዶ ሆኖ። ስም የሚጋራ ሰው ብዙ ስለሆነ ፎርሙን ስሠራ ባለቤት የሚፈለገው በስምና በከብቱ ብዛት እንዲሆን አድርጌ ነበር። ቁጥሩ ከገባ መልሱ ወዲያው ነው። ቁጥሩ ካልገባ ዳታቤዙ ምን ያድርግ? መዝገቡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያገላብጣል፣ ሜሞሪ ውስጥ ያለውን ሁሉ እየገፋ። አንድ ሰው ባዶውን እየተጫነ ነው። አንድ ሰነፍ፣ ሁለት አሃዝ መጻፍ የሚደክመው!

የጸሐፊዋን ስም ለምን ሰረዝኩት? ያቺን አንዲት ነገር ብተዋት ኖሮ አሁን በስሟ እጠራት ነበር። አይ እኔ! ለሌላው ሲሉ ልስላሴ፣ ለራስ ሲሆን ጸጸት።

መስከረም 6፣ ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ከመስኮቶቹ ጀርባ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፣ ፋይል የማስተካክል መስዬ። ሰነፏን ልይዝ።

ሁለቱም መስኮት ያደርጉታል። ሁሉም! ማማ ቆቲሌ ስሙን ይጽፋሉ፣ የብዛቱን ቦታ ባዶ ይተዋሉ፣ ይጫናሉ፣ ይጠብቃሉ። የስሞቹ ዝርዝር ሲመጣ ስክሪኑን ወደ ሰውየው ያዞሩለታል፣ እሱ ጣቱን ይሰድና የራሱን መስመር ያሳያል። በትዕግሥት ነው፣ በአክብሮት ነው። ስንፍና የሚባል ነገር የለበትም።

ሰልፉ ሲያጥር ጠጋ አልኩ።

"ማማ ቆቲሌ፣ ስንት እንደሆኑ ለምን አይጠይቋቸውም?"

ዞር ብለው አዩኝ፤ ከልባቸው ደነገጡ።

"የሰው ሆሪ ስንት ነው ተብሎ ይጠየቃል እንዴ፣ ልጄ? ከብቱ ደህና ነው ወይ ይባላል እንጂ። ቆጥረሽ ስትጠሪው እኮ ይጎዳል። ዘንድሮ ደግሞ! ሰውየው ግማሹን ቀብሮ ነው የመጣው። 'ስንት ቀረህ?' ልበለው፣ ሰልፉ እየሰማ?"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ማሽንሽ ባዶውን እሺ ብሎ ሲቀበል እሱም ነውር መሆኑን ያውቃል ብዬ ነዋ።"

ማሽኑ ነውር አያውቅም ማማ፣ የሠራሁት እኔ ነኝ ልል ፈልጌ አፌ ላይ ቀረ።

መስከረም 10፣ እሁድ

ዛሬ ዒድ ነው፤ ከተማው በሙሉ ነጭ ለብሶ ወጥቷል። እኔ ብቻ ነኝ በሥራ ልብስ።

እንዴት አላወቅሁም? ከቦረና መሐል ኖሬ፣ ቋንቋውን ሰምቼ! ሳስበው ሳስበው ዋልዳ ትዝ አለኝ። ካምፕ ውስጥ የእኛ ስም ቁጥር ነበር። በየጊዜው ፀሐይ ላይ አሰልፈው ይቆጥሩናል፤ እናቴ እጄን ከፍ አድርጋ ትይዘዋለች፣ እንዳልዘለል። የተቆጠረ ዱቄት ያገኛል። እኔ መቆጠርን ደግነት ነው ብዬ ነው ያደግሁት። ለዚህ ነው ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ናችሁ የሆነው። እናቴ ግን ከዚያ ወዲህ ወጥ ቤት እንኳ እንቁላል ስትቆጥር አይቻት አላውቅም። ልጠይቃት አሰብኩና ተውኩት።

ይልቅ ሥራ። ቁጥሩን ከፎርሙ አወጣሁት። በእሱ ቦታ የከብቱ ምልክት ገባ፦ የቃጠሎው ምልክትና የጆሮው ቅድ፣ ከዚያ የሚጠጣበት ኤላ፣ የውሃ ጉድጓዱ። ክትባት ሲሰጥ ይህ ሁሉ ተመዝግቧል፤ እኔ ነኝ እንደ ማስጌጫ ያየሁት። ሰውየው ይህን ሲጠየቅ አያፍርም፤ ይኮራል እንጂ።

ዳታቤዙ በምልክቱ ቶሎ እንዲያገኝ ግን መጠቆሚያ ያስፈልገዋል፤ መጠቆሚያውም ሜሞሪ ይበላል። እንደገና ሚዛን! አሰላሁት፤ ወደ ሃያ ሜጋ። ያሁኑ ሒሳብ ላይ የቁልፍ ደጋጋሚዎቹንም አስገብቻለሁ፣ አንዴ ተቃጥያለሁ። የድሮው ስታቲስቲክሴ ቢኖር ኖሮ ለመጠቆሚያው ቦታ የሚባል አይተርፍም ነበር። የተውኩት ዝርዝር ይህን ገዛልኝ። መተው ማትረፍ መሆኑን ሮዝ ሳትሰማ ለራሴ አመንኩ።

መስከረም 13፣ ረቡዕ

በረረ!!! ቁጥር አሥራ አንድ፦ አንድም ጊዜ አልተጠየቀም። ሰልፉ ከምሳ በፊት አለቀ፤ ጸሐፊዎቹ ሥራ ፈትተው ቲማቲም ገዝተው መጡ። ጋሽ ሀልካኖ "መብራቱ ተሻሽሏል" አሉ። ላንቃቸው ፈልጌ ሳቄ ቀደመኝ።

ማማ ቆቲሌ ምልክቱን ሲጠይቁ ድምፃቸው ራሱ ሌላ ነው። ሰላምታ ይመስላል።

መስከረም 18፣ ሰኞ

ረቡዕ ሮዝ ራሷ ትመጣለች። "በገበያ ቀን ማየት እፈልጋለሁ" ብላለች። አንድ መልካም ረቡዕ ዕድል ሊሆን ይችላል እኮ። ሁለተኛው ነው የሚፈረድብኝ። እናቴ ደግሞ ድስቶቹን መጠቅለል ጀምራለች።

መስከረም 20፣ ረቡዕ

በደንብ ልጻፈው። አንዲትም ዝርዝር አልተውም፣ እዚህ ቦታ ሞልቷል።

ማዳም ሮዝ ከድርጅቱ መኪና ስትወርድ ከጫማዋ እስከ ቅንድቧ አቧራ ነበረች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሻይ ቢሰጧት የማትጠጣ። ቀጥታ ሄዳ ከማማ ቆቲሌ ጀርባ ቆመች። ሰልፉ በዚህ ወቅት ካየሁት ሁሉ ረጅሙ ነው፤ ዝናብ አሁንም የለም።

ዱባ የሚባሉ ሽማግሌ መስኮቱ ጋ ደረሱ። ሰውየውን አወቅኋቸው፤ ቀይዋ ላም አጥራችን ሥር ስትወድቅ ጭንቅላቷን የያዙት ናቸው። ማማ ቆቲሌ "ምልክቱ?" አሏቸው። ሽማግሌው ቀና አሉ፤ የቃጠሎውን ቅርጽ በጣታቸው አየር ላይ ሳሉት፣ የጆሮውን ቅድ ነገሩ፣ ኤላቸውን ጠሩ፣ የአባታቸውንም ኤላ ሊጨምሩ ሲሉ ማተሚያው ኪባሊውን ተፋ። ቁጥሩ ከክትባት መዝገቡ ራሱ ወጥቶ ታትሟል፤ ማንም በአፉ አልጠራውም።

ሮዝ ሰዓቷን አየች። ከዚያ በስዋሂሊ፣ ጮክ ብላ "ንጎምቤ ንጋፒ?" አለች። ከብቱ ስንት ነው ማለቷ ነው።

ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አያት። ሽማግሌው ወረቀቱን አጥፈው ያዙ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ማማ ቆቲሌ ዞር እንኳ ሳይሉ "ማዳም፣ ሎሪው ላይ የሚበቁ ናቸው" አሏት። "ቀጣይ!"

ሽማግሌው ሳቁ። ከእሳቸው ኋላ ያለው ሳቀ፣ ሳቁ በሰልፉ ላይ እስከ መናኸሪያው ድረስ ሄደ። ሮዝ ለምን እንደተሳቀ ሳይገባት ፈገግ አለች። ዱባ በጎበዜ ሎሪ ላይ ከብቶቻቸውን አስጭነው ሄዱ፤ ስንት እንደነበሩ አይቻለሁ፣ አልጽፈውም።

ከቀትር በኋላ ማሽኑ ክፍል ውስጥ ሮዝ ስታቲስቲክሱን ገጽ በገጽ አየች። "ይህ ሁሉ በአንድ ሜጋባይት?" አለች። ስለ ባዶው ቦታ፣ የሰው ሆሪ ስንት ነው ተብሎ እንደማይጠየቅ ነገርኳት። ቀስ ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች፣ "ወይኔ፣ እኔ ቅድም…" አለች። ያኔ ነው የወደድኳት።

ግን የቴክኒክ ሰው አይደለች? ወዲያው ጣቷን ስክሪኑ ላይ አደረገች።

"እንዲህ ከሆነ ጨምሪበት። የትኛዋ ጸሐፊ፣ በስንት ሰዓት፣ የጥያቄው ሙሉ ጽሑፍ። ሙሉው ዝርዝር ይኑረን።"

"አይሆንም" አልኳት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ጋሽ ሀልካኖ በሩ ላይ ሳል ያዛቸው። ወረቀቴን አወጣሁ፣ የአርባውን ሒሳብ፣ የሰማንያውን፣ ያቺን የሞትኩባትን ረቡዕ ሁሉ አሳየኋት። "ከብቱን የሚይዘው ቦታ ነው የሚሄደው። የምንጠይቀው ጥያቄ ካለ ያኔ ለእሱ ብቻ እንጨምራለን። ሳንጠይቅ አንሸከምም።"

ወረቀቱን መለሰችልኝ። "ከብቱን መያዝ ያቃተው ማሽን የራሱን ታሪክ እንዲይዝ አይጠየቅም" አለች። "ይህን የጻፍኩልሽ እኔ አይደለሁም?"

"እርስዎ ነዎት።"

"አንቺ ደግሞ አልሰማሽኝም።"

"ግማሹን ሰማሁ፣ ማዳም።"

ሳቀች! የናይሮቢዋ ሮዝ፣ አቧራ ለብሳ፣ በእኔ ማሽን ክፍል ውስጥ ሳቀች። ማሽኑ ከሞያሌ አይነቀልም። የኢሲኦሎና የማርሳቢት ጣቢያዎችም ይህንኑ ትንሹን ስታቲስቲክስ ይተክላሉ፤ እየመጡ የሚማሩት ከእኔ ነው፣ እዚሁ። ስትሄድ ሻዩን ጠጣች።

ጋሽ ሀልካኖ ከሸኟት በኋላ ጭንቅላቴን በመዳፋቸው ነካ አድርገው "ጋሪ፣ ልጄ" አሉኝ፤ በቦረና ቋንቋ መልካም ነው ማለታቸው ነው። ማማ ቆቲሌ መስኮታቸውን እየዘጉ "ነገ ቲማቲም የምትገዢው አንቺ ነሽ" አሉ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሌላ ምን ልበል፣ አሸነፍኩ! የመጀመሪያውን ገጽ ተመልሼ አነበብኩት።

መስከረም 24፣ እሁድ

ትናንት በምሥራቅ በኩል ደመና ተሰብስቦ ነበር። ዛሬ ጠዋት ቆርቆሮአችንን ነካ ነካ አደረገው። ሀጋያ፣ አጭሩ ዝናብ፣ ቶሎ ሊገባ ይሆናል ይላሉ፤ ሰዉ ተስፋውን ጮክ ብሎ አይናገርም።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ጋዜጣውን እየፈታች ነው። ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ አጥባ ደረደረቻቸው። ድስቶቹን ወደ ቦታቸው መለስኩላት። "ይህኛውን ለእንግዳ እናድርገው" አለች፣ ወርቃማ ጠርዝ ያለውን።

እንግዳው ከሰዓት መጣ። "የእናትሽን ጤና ልጠይቅ" አለ ጎበዜ። እናቴ ደህና ነኝ ብላ ጎረቤት ሄደች፤ ጎረቤት ምን ጉዳይ እንዳላት አልነገረችንም።

ስለ ረቡዕ ደግሜ ነገርኩት፣ ደግሞ ሳቀ። ከዚያ ብርጭቆውን እያዞረ "ያ ማሽንሽ ቀዩ ሎሪ በዚህ ክረምት ስንቴ እንደመጣ ያውቃል?" አለኝ።

"አያውቅም። እንዲህ ያለውን ዝርዝር አውጥቼዋለሁ፤ ቦታ ይፈጃል።"

"አወጣሽው?"

"ከማሽኑ አወጣሁት" አልኩት። የት እንዳስገባሁት አልጠየቀኝም። ባለ ወርቅ ጠርዙን ብርጭቆ ወደ እኔ ገፋ አደረገ፣ እንድሞላለት።